አውራ በግ መርጦ ማስቀረት ለማን ያዋጣል?

ደጋው ላይ፣ ዳባትም ሆነ ደባርቅ፣ በግ ያለው ሰው አብዛኛው ምርጡን ጠቦት ለፋሲካ ይሸጣል። ቶሎ ያደገው፣ ላቱ የሰፋው፣ መልኩ ቀይ ወይም ነጭ የሆነው ቀድሞ ገበያ ይወጣል፤ ከሲታውና ጥቁሩ ቤት ይቀራል። ወንድ በግ ደግሞ ዓመት ሳይሞላው መስረር ስለሚጀምር የመጪዎቹ ግልገሎች አባት ያ ነጋዴ ያለፈው ከሲታ ነው። በጉ ከዓመት ዓመት እየቀጨጨ ቢሄድ ምን ይገርማል?

እኛ ይህን ለመገልበጥ ተነሣን። እኔ የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፤ የቤተሰቡ በጎች ዳባት ወንድሜ ዘንድ ናቸው። ምርጡን ለዘር እናስቀር፣ የቀሩትን ወንዶች ሳይሰርሩ እናኮላሽ ተባባልን። ማኮላሸቱ አላከራከረንም፤ ሙክት መቼም ገዢ አያጣም፣ አተላና የባቄላ ገለባ ካገኘ ይደልባል። ያከራከረን የትኛው ይቅር የሚለው ነው።

የወንድሜ ዓይን ትልቁ ላይ ያርፋል። እኔ ግልገሎቹን በጆንያ እያንጠለጠልሁ መመዘን፣ የእናቶቻቸውንም ነገር ደብተር ላይ መጻፍ ያዝሁ። ትልቅ የሚባለው ጠቦት ብዙ ጊዜ ነጠላ ተወልዶ የእናቱን ወተት ለብቻው የጠባ ሆኖ ተገኘ። መንታው ወተት ተካፍሎ ስለሚያድግ ያንሳል፤ የእናቱ የበኩር ልጅም ያንሳል፤ ሣር በደረቀበት ወር የተወለደውም እንደዚሁ። በመጠን ብቻ ብንመርጥ መንታ የምትወልደውን እናት ዘር እየጣልን ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መንታን የምናወዳድረው ከመንታ ጋር ነው። በመጨረሻ ያስቀረነውም የመንታ ልጅ ነው፦ ጀርባው ቀጥ ያለ፣ እግሩ ያልተጠማዘዘ፣ የዘር ፍሬዎቹ ሁለቱም ወርደው እኩል የሆኑ። (ይህችን የመጨረሻዋን ሳያይ አውራ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ ቀንዱን አይቶ ይከፍላል።)

ከባዱ ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። አዝመራው ከተነሣ በኋላ ማሳው ሁሉ የወል ግጦሽ ይሆናል፤ የሰፈሩ በግ በሙሉ አንድ ላይ ይውላል። የኛዎቹን እናቶች የጎረቤት ከሲታ ይሰርራቸዋል፣ የኛ አውራ ደግሞ የሌላውን። በኅዳር የተሰረረችው ከአምስት ወር በኋላ ስትወልድ የግልገሉን አባት እግዜር ይወቀው። አጥር የሌለው ሰው ብቻውን ቢመርጥ ድካሙ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ጎረቤቶችን ማነጋገር ግድ ሆነብን። ጥቂት በጎች ያሏቸው አንዲት እናት ወንድሜን «ልጄ፣ ጥሩውን ካልሸጥሁት ከሲታውን ማን ይገዛኛል? የማዳበሪያው ዕዳስ በምን ይከፈላል?» አሉት። እውነታቸውን ነው። ሦስት አራት እናት በግ ያለውን ሰው አውራ ለብቻህ ቀልብ ማለት ግፍ ነው፤ አንድ አውራ እኮ ከ25 እስከ 30 እናቶች ይበቃል። ለእሳቸው የሚሻለው ጠቦታቸውን ለበዓል ሸጠው እናቶቹን በኛ አውራ ማስጠቃት ነው። እንደዚያው ተስማማን፤ እሳቸው ለአውራው ገለባ ይሰጣሉ፣ ሳይሸጥ የቀረ ወንድ ካላቸውም ይኮላሻል። በመንዝና በቦንጋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የበግ ዝርያ ማሻሻያም መሠረቱ ይኸው ነው፤ አርቢዎቹ ተደራጅተው አውራዎቹን በጋራ ይመርጣሉ፣ በጋራም ይጠቀሙባቸዋል።

መኖ የሌለው ሰው ደግሞ ምርጫውን ጭራሽ ባይጀምረው ይሻላል። ረግረግ ላይ እየጋጠ የጉበት ትል የያዘው በግ አባቱ ማንም ይሁን ማን ከሲታ ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ብሩ መድኃኒትና ፉርሽካ ላይ ቢውል ቶሎ ይታየዋል።

አሁን የቀረን ጣጣ አውራውን መለወጥ ነው። ሴት ልጆቹ ለአውራ ሊደርሱ ነው፤ አባታቸው ከሰረራቸው የሚወለደው ደካማ ይሆናል። አምባ ጊዮርጊስ በኩል ያለ አንድ አርቢ አውራ ለአውራ እንለዋወጥ ብሎናል። ወንድሜ «በእጄ ያሳደግሁትን አልሰጥም፣ ይልቅ ሴቶቹን እንሽጥ» ብሎ ቆሟል። የመንታ እናቶች ይሆናሉ ብለን የለፋንባቸው ግን እነሱው ናቸው። ቅዳሜ ዳባት ወጥቼ አውራውን ራሴ እወስደዋለሁ፤ ይቆጣ።