ደረቁ ሩጫ

ሱሉልታ ላይ ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው ሯጭ ነው። ከአዲሱ ገበያ የሚነሣው የፋብሪካችን ሰርቪስ የእንጦጦን ዳገት ጨርሶ ወደ ሜዳው ሲወርድ፣ ወሩ ጥቅምት ከሆነ ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ብሎ ይጠብቀናል። በዚያ ብርድ ቱታ የለበሱ ልጆች መንገዱን ይዘው ይሮጣሉ። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራውም እዚሁ ነው። እኛ ጉም የያዘውን መስታወት በእጅጌያችን እየጠረግን እናያቸዋለን። ያኔ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «ራን» ማለት ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ጣቴን ወደ መስኮቱ ቀስሬ «ይኸውልህ» እለው ነበር። ሕፃን ሆኜ የተማርኩት ቃል ነው። ማን እሱን ብሎ መዝገበ ቃላት ይገልጣል?

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። የምሠራው የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ውስጥ፣ ምርት ዕቅድ ክፍል ነበር። ተርጓሚ ሆኜ አልተቀጠርኩም፤ ግን እንግሊዝኛ ደህና ይችላል ስለተባልኩ ከማሽን አቅራቢዎች የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በኮሪደር ሲያልፍ «ያ ልጅ የት አለ? ምን ይላል ይሄ?» ሲል ደረቴ ይነፋል።

አዲስ የማሸጊያ መስመር ተተክሎ አልቆ፣ የውጭ አገሩ መሐንዲስ ሰኞ ሊመጣ ሐሙስ ማታ አጭር ኢሜይል ላከ። ቅዳሜ ዕለት፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት፣ በአዲሱ መስመር ላይ ድራይ ራን አድርጉ ይላል። ድራይ ያው ደረቅ ነው። ራን ደግሞ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ፓኔል ላይ ከአረንጓዴዋ መብራት ሥር የተጻፈው ነው፤ ኦፕሬተሮቻችን ማሽን ሲነሣ «ራን ላይ ነው» ይላሉ። ሁለቱን ገጣጠምኩና ለጥገና ክፍል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ መስመር፣ ፓምፖቹን ጨምሮ፣ ያለ ውኃ ይነሣ።»

«ፓምፖቹን ጨምሮ» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። ኢሜይሉ ላይ የለችም። ለማብራራት ብዬ ነው።

የጥገና ኃላፊው በዕድሜ ስለሚበልጡን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ወረቀቱን አነበቡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ።

«ልጄ፣ ፓምፕ ያለ ውኃ?»

«ጋሼ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል እኮ። ያለው ማሽኑን የሠራው ድርጅት ሰው ነው።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ስልኬን ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት። «ይቺ ደረቅ ናት አይደል?» አሉኝ። «አዎ፣ ደረቅ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንግዲህ ባለቤቱ ካለ» አሉና ፈረሙ። ሃያ ዓመት ሙሉ ፓምፕ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው፣ ለእኔ ሁለት ቃል እጅ ሰጡ። ዛሬም የሚቆጨኝ ከተበላሸው ዕቃ ይልቅ እሱ ነው።

ጋሼ ለምን እንደፈሩ ልንገራችሁ። ፓምፕ ውስጥ ዘንጉ ከአካሉ በሚወጣበት ቦታ መካኒካል ሲል የሚባል ነገር አለ። በቀላሉ ሁለት ቀለበት ነው፤ አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ይቀራል፣ ፊታቸው ተጣብቆ ውኃ እንዳይወጣ ይይዛል። ሳይፋተጉ የሚኖሩት በመካከላቸው በዓይን የማይታይ ስስ የውኃ ሽፋን ስላለ ነው፤ የሚያለሰልሳቸውም የሚያቀዘቅዛቸውም እሱ ነው። የእኛ ፓምፕ ሞተር በደቂቃ ወደ 2,900 ጊዜ ይዞራል። ውኃውን ከመካከል አውጥታችሁ በዚያ ፍጥነት ሁለት ቀለበት አፋትጉ እንግዲህ።

ቅዳሜ ጠዋት ፓምፑ አልነሣ አለ። ቁልፉ ሲጫን ይጀምርና ወዲያው ይቆማል። ወጣቱ ኤሌክትሪሻን እየሮጠ መጣና፣ «ና እይ፣ ፓኔሉ ራሱ ይናገራል!» አለኝ። ሄጄ አየሁ። ትንሿ ስክሪን ላይ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል፦ ድራይ ራን።

ኢሜይሉ ላይ ያሉት ሁለቱ ቃላት! አንድም ፊደል አልተለወጠም። ልቤ እንዴት እንደረካ አልነግራችሁም። ማሽኑ ራሱ ትርጉሜን መሰከረልኝ። «በቃ፣ ልክ ነን» አልኩ። «ታዲያ ለምን ይቆማል?» አለ ልጁ። የውኃ ግፊት የሚለካው ስዊች ነው የሚያግደው፣ በሽቦ ባይፓስ ላድርገው፣ ማለት ስዊቹን ዘልዬ ላገናኘው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የምርት ዕቅድ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ስዊች ምን አገባኝ? አድርገው አልኩት።

ስክሪኑ ሲጮህ የነበረው ማስጠንቀቂያ ነው። «ውኃ የለም፣ በደረቁ እየዞርኩ ነው፣ ልቃጠል ነው» ማለቱ ነበር። እኛ ግን «የታዘዝኩትን እየፈጸምኩ ነው» ያለ መሰለን።

በሽቦ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ዞረ። ከዚያ ቀጭን ሲርሲርታ ተሰማ፤ ምጣድ በደረቁ ሲፋቅ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ። ሽታው ተከተለ። ጋሼ ከወዲያ በኩል ማንንም ሳይጠይቁ መጥተው ቀዩን ቁልፍ በመዳፋቸው መቱት። ከሰዓት በኋላ ውኃ ስንለቅበት ከዘንጉ ሥር እንደ ተከፈተ ቧንቧ ፈሰሰ። ተፈትቶ ሲታይ አንደኛው ቀለበት ለሁለት ተሰንጥቋል።

ሰኞ መሐንዲሱ መጣ። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ ያልገባው መሰለኝ፣ ቀጥሎ ገባው፣ ቀጥሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። የፈለገው ልምምድ ነበር። ኦፕሬተሮቹ በየቦታቸው ይቁሙ፣ ማጓጓዣው ያለ ጠርሙስ ባዶውን ይዙር፣ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያዎቹ አንድ በአንድ ይሞከሩ፣ ችግር ቢፈጠር ማን ማንን እንደሚጠራ ይታወቅ። ፓምፑን ማንም እንዲነካው አላሰበም። በእነሱ ቋንቋ ድራይ ራን ማለት ከዋናው ቀን በፊት የሚደረግ የባዶ ሙከራ ነው። የጦር ሠራዊትም፣ የሠርግ አስተናጋጅም፣ ስብሰባ የሚያዘጋጅም ሰው ይለዋል፤ ውኃ መኖር አለመኖሩ ትዝ አይለውም።

መለዋወጫው እስኪመጣ 11 ቀን ቆምን። እኔ በጽሑፍ መልስ እንድሰጥ ታዘዝኩ። ጋሼ ሳይጠየቁ የራሳቸውን ጻፉና አብረው አስገቡ፤ «ፈርሜያለሁ፣ ስለዚህ የእኔም ነው» የሚል። ኤሌክትሪሻኑን ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ እስካሁን ያስቃል።

ነገሩን በደንብ የገለጠችልኝ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት። የእኔን መልስ ለፋይል ስታነብ ሳቀችና፣ «ደረቅ ቼክ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ገንዘብ የሌለበት ቼክ ነዋ» አልኳት። «ቼኩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል እንዴ?» አለች። ዝም አልኩ። ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ውስጡ ግን ምንም የለም። ሞጆ ያለውንም ደረቅ ወደብ እንላለን፤ ባሕር የለውም እንጂ በረሃ ስለሆነ አይደለም። ትርጉሙ በገዛ ቋንቋዬ አፍንጫዬ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እልህ ያዘኝና ስለዚች «ራን» ስለምትባል ቃል ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ለጋሼ አወራኋቸው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሲያሻሽሉት፣ ፒተር ጊሊቨር የሚባል ሰው በዚች በአንድ ግሥ ላይ ብቻ ዘጠኝ ወር ሠርቶ 645 ፍቺ አወጣላት አልኳቸው።

«ዘጠኝ ወር?» አሉ ጋሼ። «ታዲያ ወለደ በለኛ!»

እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው እትም አንደኛ የነበረው «ሴት» የሚለው ቃል ነው፣ 430 ፍቺ ነበረው ስል ደግሞ፣ ከኋላ ወንበር የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ሰሙኝ። «አንሷል፣ ይጨመርልን!» አለች አንዷ። የእንግሊዝኛው ሴት ማስቀመጥ፣ ማዘጋጀት፣ የፀሐይ መጥለቅ ሁሉ እንደሆነ ላስረዳ ብሞክር ማን ይስማኝ። ሰርቪሱ እስከ ፋብሪካው በር ድረስ በሳቅ ሄደ።

ወደ ራን ስንመለስ፣ ወንዝ ሲፈስ ራን ነው፤ አፍንጫም እንዲሁ። የታጠበ ልብስ ቀለሙን ሲለቅ፣ የሴት ስቶኪንግ ሲተረተር፣ ሰው ለምርጫ ሲወዳደር፣ ድርጅት ሲያስተዳድር፣ አውቶቡስ ሲመላለስ፣ ሁሉም ራን ነው። ከኋላው አንድ ትንሽ ቃል ስትቀጠልበት ደግሞ ዕቃ አለቀ ይሆናል፣ ሰው በመኪና ተገጨ ይሆናል። እኔ በሥራዬ ከባድ ቃል ሲገጥመኝ ሁልጊዜ መዝገበ ቃላት አያለሁ፤ የኬሚካል ስም፣ የውል ቋንቋ፣ ሁሉንም ፈልጌ ነው የምተረጉመው፣ አንድም ቀን አሳስቶኝ አያውቅም። ጉድ የሠራኝ ሕፃን ሳለሁ «አውቄዋለሁ» ብዬ የዘጋሁት ቃል ነው።

አዲሱ ፓኔል ላይ ጋሼ በራሳቸው እጅ ጽፈው በፕላስተር የለጠፉት ወረቀት አለ፦ «ይህ ቀይ ጽሑፍ ሲመጣ ውኃ የለም ማለት ነው። ሽቦ የሚያገናኝ ከእኔ ጋር ነው።» መሐንዲሱ ምን እንደሚል ጠይቆኝ ስነግረው ፎቶ አነሣው።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የላከው የመጀመሪያ ኢሜይል ስለ ፓምፑ ነበር። ወደፊት ስዊች ለመለወጥ ካሰባችሁ፣ ይላል፣ ራን ኢት ባይ ሚ። አሁን ጠንቃቃ ሆኛለሁ፤ መዝገበ ቃላቴን ከፍቼ አይቼ፣ የሒሳቧንም ልጅ አማክሬ ነው ወደ ጥገና ክፍል የወረድኩት።

«ምን ይላል?» አሉኝ ጋሼ።

«መጀመሪያ እኔን አማክሩኝ ነው የሚለው።»

ወረቀቱን ተቀብለው ቃሉን ፈለጉና ጣታቸውን ሥሩ አሳረፉ። በመስኮቱ ከወዲያ፣ በአስፋልቱ ዳር፣ ሁለት ልጆች ቱታቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ወደ ጫንጮ በኩል ይሮጣሉ።

«ሩጫው የታለ ታዲያ?» አሉኝ።