የወንድሜ 214 ሲዲዎች

ወንድሜ ዕቃውን ሸክፎ ሲሄድ ሦስት ካርቶን ሲዲ እኔ ጋ ተወ። "አንቺ ጋ ይቀመጥ" ነው ያለው፤ "ውሰጂው" አላለም። የሁለቱ ልዩነት ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሁሉንም በማርከር ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ከ1 እስከ 214። ቁጥሩን ማቀፊያው ላይ ቢጽፈው ምን ነበረበት? የለም። ዲስኩ ላይ፣ ያውም በወፍራሙ ማርከር። ቂሜን ወደ በኋላ አወራርዳለሁ።

ላለፉት አራት ወራት የማታ ሥራዬ እነዚህን ሲዲዎች አንድ በአንድ ሪፕ እያደረጉ፣ ማለትም ዘፈኑን ከዲስኩ እያነበቡ ፋይል እያደረጉ፣ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ሆኗል። ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። በዩኤስቢ የምትሰካ፣ ውፍረቷ ከጣት የማይበልጥ ድራይቭ ገዛሁ። ስትሠራ እንደ ንብ ትጮሃለች። ቤተሰቡ ለምዷታል፤ ዝም ስትል ነው አሁን "ምን ሆነች?" የሚሉት።

ግን ከመቀጠሌ በፊት ጥፋቴን ልናዘዝ። ይህን ሥራ ስሠራ ሁለተኛዬ ነው።

የመጀመሪያው የዛሬ 15 ዓመት ገደማ ነው። እንዲያውም ከመጀመሪያውም በፊት አንድ ሙከራ አለ። ሲዲ አስገባሁ፣ ከፈትኩት፣ 12 ትናንሽ ፋይሎች ተደርድረው አየሁ። ሁሉንም ጎትቼ ዴስክቶፕ ላይ ጣልኳቸው። አንድ ሴኮንድ አልፈጀም። ምን አይነት ፈጣን ኮምፒውተር ነው ብዬ ተደሰትኩ። ሲዲውን ካወጣሁ በኋላ ግን አንዱም አልዘፍን አለኝ። ለካ እያንዳንዱ ፋይል 44 ባይት ነው። ሜጋባይት አላልኩም፤ ባይት! ዊንዶውስ የሚያሳየው ዘፈኑ ዲስኩ ላይ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው።

ከዚያ ተምሬ ሁሉንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ኤምፒ3 አደረግኳቸው። በ128 ኪሎቢት። ሃርድ ዲስኬ ትንሽ ነበር፣ እኔም ችኩል ነበርኩ። የሲዲ ድምፅ በሴኮንድ 1,411 ኪሎቢት ነው። እኔ ከአሥራ አንድ እጅ አንዱን አስቀርቼ ሌላውን ጣልኩት ማለት ነው። ኤምፒ3 ደግሞ ዝም ብሎ አይጥልም፤ ጆሮ አይሰማውም ብሎ የገመተውን ነው የሚጥለው። ብዙ ጊዜ ግምቱ አያሳፍርም። ጸናጽል ወይም ጭብጨባ ላይ ሲደርስ ግን ይጋለጣል። ድምፁ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስል ይንሿሿል። አንዴ ጆሮዬ ከያዘው በኋላ አልለቀኝም። ኤምፒ3ን መልሶ ወደ ትልቅ ፋይል መቀየር ደግሞ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ የተጣለውን አያመጣም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስለዚህ አሁን ፍላክ (FLAC) የሚባለው የፋይል ዓይነት ነው። ፍላክ ድምፁን ያጥፈዋል፤ ምንም አይጥልም። ሲዘረጋ ዲስኩ ላይ የነበረው እያንዳንዱ ቢት ይመለሳል። መጠኑ ግማሽ ወይም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል። የወንድሜ ስብስብ ሁሉ ተደምሮ 70 ጊጋባይት ግድም ወጣው። ያኔ ይህን ቁጥር ብሰማ እስቅ ነበር። ዛሬ ግን የጣት ጥፍር የምታክል ሚሞሪ ካርድ ላይ ይገባል፣ ቦታም ይተርፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እኔ ሪፕ ማድረግ ማለት ኮፒ ማድረግ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። የሙዚቃ ሲዲ ላይ ፋይል የሚባል ነገር የለም። ከመሃል ተነስቶ ወደ ጠርዝ የሚዞር አንድ ጥምዝ መስመር ነው ያለው፤ ሞልቶ የተቀረጸ ዲስክ ላይ ያለው ቢዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሙዚቃው በሴኮንድ 75 ቁራጭ ይከፈላል። አንዱ ቁራጭ 2,352 ባይት ነው። የኮምፒውተር ፋይል የያዘ ሲዲ ቢሆን ከዚህ ውስጥ ለፋይሉ የሚደርሰው 2,048ቱ ብቻ ነው፤ የቀረው ለአድራሻና ለተጨማሪ ስህተት ማረሚያ ይውላል። የሙዚቃ ሲዲ ላይ ግን ሁሉም ዘፈን ነው። ከሥር አንድ ደረጃ ማረሚያ አለ፤ እሱ ካልቻለ ቀጥሎ የሚደርስለት የለም።

ፊሊፕስና ሶኒ በ1980 እ.ኤ.አ. ይህን አሠራር ሲወስኑ በሐሳባቸው የነበረው ማጫወቻ ነው። ማጫወቻ አንድ ቦታ ማንበብ ሲያቅተው ከፊትና ከኋላ ያለውን አይቶ መሃሉን ይገምታል። ዘፈኑ አይቆምም፣ አድማጩም አያውቅም። ለአድማጭ ደግ ሥራ ነው። ፋይል ለሚያወጣ ሰው ግን ውሸት ነው። ግምቱ ፋይሉ ውስጥ እንደ እውነት ተጽፎ ይቀራል፣ ማንም ሳይነግርህ።

ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ሶፍትዌር የወደድኩት ለዚህ ነው። መልኩ አያምርም። ሴቲንጉ ራስ ያዞራል። ግን አይዋሽም። እያንዳንዱን ቁራጭ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ያነባል። ሁለቱ ንባብ ካልተስማማ ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ክፉ ቦታ ላይ እስከ 82 ጊዜ። በመጨረሻም ካልቻለ "ይህችን ቦታ አላመንኳትም" ብሎ ደቂቃና ሴኮንዱን ጠቅሶ ይጽፋል። ከዚያ አኪዩሬትሪፕ የሚባል ነገር አለ። ያንኑ ሲዲ ሪፕ ያደረጉ ሌሎች ሰዎች ካገኙት ውጤት ጋር የአንተን ያስተያያል። ከማላውቃቸው 40 ሰዎች ጋር ቁጥሬ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ለቤተሰቤ ላስረዳ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላይ አንገብግቦኛል። አንድም ሲዲ ከማንም ጋር አልገጥም አለ። ለካ እያንዳንዱ የድራይቭ ሞዴል ትንሽ ቀድሞ ወይም ትንሽ ዘግይቶ ነው ማንበብ የሚጀምረው። የእኔዋ የምትዛነፈው በ6 ናሙና ነው (ናሙና ማለት ድምፁ የሚለካበት ትንሿ ቅንጣት ናት)፤ ሴኮንድ ለሰባት ሺህ ተከፍሎ አንዱን እንኳ አትሞላም። ለጆሮ ምንም አይደለም፤ ለማስተያየት ግን ሁሉንም ያበላሻል። ሴቲንግ ውስጥ 6 ብዬ ጻፍኩ፣ ሁሉም ገጠመ።

ቁጥር 58 እንቅልፍ ነሳኝ። አራተኛው ዘፈን ሁለተኛው አዝማች ላይ ይዘላል። ልጆች ሆነን ጀምሮ ይዘላል። እኔና ወንድሜ ዘፈኑን ከነዝላዩ ነው የምንዘፍነው፤ አንድ ቃል ተኩል ውጠን ቀጥሎ ያለው ላይ ዱብ እንላለን። በለስላሳ ጨርቅና በትንሽ የሳሙና ውሃ ጠረግኩት። አጠራረጉም ወግ አለው። እንደ ሰሃን ዙሪያውን አይደለም፤ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ ነው። ዙሪያውን ስትጠርግ ጭረት ከወጣ በመስመሩ ላይ ይተኛል፤ ማረሚያው ደግሞ የሚችለው ወደ ሁለት ሚሊሜትር ተኩል የሚደርስ ተከታታይ ጉዳት ነው። አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ብቻ ነው የሚነካው።

ድራይቯ ያንን አንድ ዘፈን ለሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አነበበችው። ጠዋት ስነሳ ጨርሳለች። ስህተት የለም ይላል። ከፈትኩት፤ ዝላዩ የለም። ቃሉ ሙሉ ነው። እኔ ግን አብሬ ስዘፍን ዱብ ብዬ ቀደምኩት። እስካሁን እቀድመዋለሁ።

አሁን የማርከሩን ነገር ላንሳ። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ፊት ነው። እዚያ በኩል ግን 1.2 ሚሊሜትር ፕላስቲክ አለ፤ ቀላል ጭረት ከሆነ በማለስለስ ሊድን ይችላል። ሙዚቃውን የያዘው ስስ ብረት ያለው ከጽሑፉ ሥር ነው፣ ከላዩ ያለው ስስ ቀለምና ቫርኒሽ ብቻ ነው። አንዳንድ ማርከር ውስጥ ያለው ማሟሚያ ያንን ሊጎዳ ይችላል። እርግጥ 200 ምናምን ሲዲ ምንም አልሆነም፤ ወንድሜ ይህንን ሲሰማ "አየሽ!" ማለቱ አይቀርም። ቁጥር 112ን ግን መብራት ፊት ይዤ ሳየው ጠርዙ አካባቢ ቀዳዳ ቀዳዳ ነገር ታየኝ፤ ብርሃኑ ሾልኮ ይመጣል። ማርከሩ ይሁን እርጥበት፣ ብረቱ ተበልቷል። ሲዲ ከመሃል ወደ ውጭ ስለሚነበብ የጠርዝ ጉዳት የሚበላው የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ነው። ዘጠኙ ንጹሕ ወጡ። አሥረኛውና አሥራ አንደኛው ጠፍተዋል። ሰማንያ ሁለት ጊዜም ቢያነቡት የሌለ ነገር አይነበብም።

ሁለቱ ዘፈኖች የት ተገኙ? እነዚያ የማፍርባቸው 128 ኪሎቢቶች ውስጥ። ያኔ ዲስኩ ገና ጤነኛ ነበር። ቁጥር 112 ፎልደር አሁን ዘጠኝ ፍላክና ሁለት ኤምፒ3 ይዟል። ያየሁት ቁጥር ያናድደኛል፤ ግን ማጥፋት ያሰብኩትን የድሮ ፎልደር ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካሁትም።

ስም መስጠቱ ሌላ ጣጣ ነው። ሲዲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የዘፈን ስም የለም። ሶፍትዌሩ የዘፈኖቹን ብዛትና እያንዳንዱ የሚጀምርበትን ቦታ ቆጥሮ ነው ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገው። አንዱን አልበም "ጀርመንኛ ለጀማሪዎች፣ ክፍል 3" አለልኝ። በአማርኛ የተዘፈኑትን አብዛኞቹን ጨርሶ አላወቃቸውም፤ ሽፋኑን እያየሁ በእጄ ጻፍኩ። ፊደላችን ደግሞ እዚህ ላይ ጉድ ሠራኝ። አንዱን ዘፋኝ በ"ዓ" ጽፌ፣ ሌላ ቀን ደክሞኝ በ"አ" ጻፍኩት። ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ሆነ፣ አልበሞቹንም ተካፈሉ። ፀና ጸ፣ ሀና ሐና ኀ... አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሰዎችን ሳዋሕድ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ደብተር ይዤ "ሽፋኑ ላይ እንደተጻፈው" የሚል ሕግ አወጣሁ። ሽፋኑ ራሱ ፊትና ጀርባው ላይ ሁለት ዓይነት ሲሆን ደብተሩን ዘጋሁት።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ተቀምጧል። ከዚያ ፎልደሮቹን ቆጠርኩ። 213። ካርቶኖቹ ቅደም ተከተላቸውን አጥተው ስለነበር እስከዚያ አላስተዋልኩም። የጎደለው 131 ነው። የድሮውን የኤምፒ3 ፎልደር ከአዲሱ ጋር አስተያየሁና የትኛው አልበም እንደሆነ አወቅኩ። ስልክ ደወልኩለት።

"131 የት አለ?"

ትንሽ ዝም አለ። "እኔ ጋ ነው።"

"ማጫወቻ አለህ እንዴ?"

"የለኝም።"

"ታዲያ ላክልኛ! ሪፕ አድርጌ እመልስልሃለሁ።"

"እሺ" አለ። እሺ ሲል እንዴት እንደሚል አውቃለሁ፤ ይህ ያኛው እሺ አይደለም። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። 131 ፎልደር ውስጥ ለጊዜው የድሮውን 128 ኪሎቢት አስቀምጫለሁ። ጸናጽሉ አሁንም ይንሿሿል።