አሥራ ሦስተኛው ወር አልተገኘም

የመጽሔታችን ድረ ገጽ የሚሠራው ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው። በ2015 ዓ.ም. የበዓል እትማችን የወጣው በጳጉሜ ስለነበር፣ ሽፋኑ ላይ የታተመው አጭር አድራሻ በ«2015/13» ያበቃ ነበር። መጽሔቱ አዟሪዎች እጅ በገባ ማግስት አንባቢዎች መደወል ጀመሩ፤ አድራሻው የሚያወጣላቸው «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን ባለ 404 ገጽ ነው።

እንዲህ ያለውን አድራሻ በእኛ አቆጣጠር ወደ እትሙ የሚመራውን ደንብ የጻፈው ወጣት ባልደረባችን ምክንያቱን ለማግኘት አልዘገየም። ዎርድፕረስ ዓመትና ወር የሚመስል አድራሻ ሲያይ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይተረጉመዋል፤ ወሩ ከ12 ከበለጠበት ደግሞ ስሕተት ነው ብሎ ይዘጋዋል። ስለዚህ ለ13 ብቻ የተለየ ደንብ እንጨምር አለ። ዋና አዘጋጁ ከኋላው ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «እስቲ ነሐሴን ክፈትልኝ» አሉት። 2015/12 ብሎ አስገባ። ገጹ ያለ አንዳች ችግር ተከፈተ፤ የወጡት ጽሑፎች ግን የፈረንጆቹ ዲሴምበር 2015፣ ስምንት ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ነበሩ።

ለካ የነሐሴ አንባቢ ወሩን ሙሉ አሮጌ ጽሑፍ ሲቀርብለት ከርሟል። ማንም አልደወለም። ጳጉሜ ባትጮህልን ኖሮ የሚነግረን አልነበረም።

ደንቡ ራሱ ትክክል ነበር፤ የተበላሸው ተራው ነው። ዎርድፕረስ ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነብና መጀመሪያ የገጠመውን ይዞ ይቆማል፤ ቀጣዩን አያይም። ደንብ የሚጨመርበት የኮድ ትእዛዝ፣ «አድ ሪራይት ሩል»፣ ደግሞ ቦታ ካልተነገረው አዲሱን ደንብ ከሁሉ በታች ያኖረዋል። የእኛው ደንብ ከፈረንጆቹ የቀን ደንብ በታች ስለነበር አንድም ጊዜ ተራ አልደረሰውም። «ቶፕ» (ከላይ) የምትል አንዲት ቃል ተጨመረች።

ለውጥ የለም! ደንቦቹ ተሰናድተው የሚቀመጡት ዳታቤዙ ውስጥ ስለሆነ ኮዱን ማረም ብቻውን አይበቃም፤ ፐርማሊንክ (የገጾች ቋሚ አድራሻ) ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይነኩ «አስቀምጥ» ማለት ያስፈልጋል። ባልደረባችን ይህ ሥራ ገጽ በተከፈተ ቁጥር በኮድ እንዲከናወን ፈልጎ ነበር። እኔ ግን መላውን የደንብ ዝርዝር በየጊዜው እንደገና ማስጻፍ፣ ያውም በበዓል ሰሞን፣ በሰርቨሩ ላይ መፍረድ ነው ብዬ ተከራከርኩ። አንድ ጊዜ በእጅ ተጫንን፤ ጳጉሜም ተከፈተች።

የፈረንጆቹ ወርኃዊ ማኅደር በዚሁ ተዘጋ፤ የሚጠቀምበት ስላልነበረ ያዘነለት የለም። ቢሆንም አንድ አድራሻ ሁለት የዘመን አቆጣጠር ሲሸከም ማየት አላማረኝም። የመስከረም 2016 እትም አድራሻው ላይ ከዓመቱ በፊት «እትም» የሚል ቃል ገብቶለት ወጣ፤ ዋና አዘጋጁም ሽፋኑ ላይ ቦታ ወሰደብኝ ብለው እስከ ዛሬ ያጉረመርማሉ።