ኤጀንቴ በአንድ ሌሊት 180 ጀሪካን ዘይት አዘዘ

ይሄን የምጽፈው ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር አጎቴን ለኪሳራ ስለማልዳርገው ነው።

አጎቴ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ሱቅ አለው፣ ዘይት የሚያመጣው ኮምቦልቻ ካለ አከፋፋይ ነው። እቃ ሲያንስ አይቶ በቴሌግራም በራሱ የሚያዝ ኤጀንት፣ ማለትም በራሱ የሚሰራ ፕሮግራም፣ ሰራሁለት። ስቶኩን ኤክሴል ላይ ማስገባቱ፣ ቦቱን ማገናኘቱ በሁለት ቀን አለቀ፣ እሱ አያስቸግርም።

ያቃጠለኝ ግቡ ነው። "ዘይት ከ20 ጀሪካን አይነስ፣ ካነሰ 20 እዘዝ" አልኩት። በየሰዓቱ ስቶኩን ያያል። አንድ ማታ 3 ሰዓት ላይ 18 ቀረ፣ አዘዘ። አከፋፋዩ "መንገዱ ጭጋግ ነው፣ ጠዋት ይጫናል" ብሎ መለሰ፣ እኔ ግን ኤጀንቱን መልስ እንዲያነብ አላደረግኩትም፣ እሱ የሚያውቀው ስቶኩን ብቻ ነው፣ ስቶኩ ደግሞ ያው 18፣ ስለዚህ 4 ሰዓት ላይ ሌላ 20፣ 5 ሰዓት ላይ ሌላ 20፣ እንዲህ እያለ እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት 9 ጊዜ አዘዘ፣ ኔትወርክ ባይጠፋ ይቀጥል ነበር። ጠዋት አይሱዙ 180 ጀሪካን ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። አጎቴ እጁ ላይ ያለው የ20 ጀሪካን ብር ነው። "አብሽር ልጄ" አለኝ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የተረፈውን መለስን፣ የመኪናውን ኪራይ ደርሶ መልስ እኛ ከፈልን።

ስለ ኤጀንት አሰራር የሚጻፉ መመሪያዎች ሁሉ "ግቡን ግልጽ አድርገህ ጻፍ" ይላሉ። የኔ ግብ ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ይሁን! ፈላስፋው ማይክል ብራትማን በ1987 የጻፈውን ያወቅኩት ከኪሳራው በኋላ ነው፦ መፈለግና መወሰን ይለያያሉ፣ አንዴ ከወሰንክ ውሳኔው ራሱ ሌላውን አማራጭ ይዘጋብሃል። የኔ ኤጀንት ፍላጎት ነበረው፣ "አዝዣለሁ፣ መንገድ ላይ ነው" የሚል ውሳኔ ግን የትም አልተመዘገበም፣ ስለዚህ በየሰዓቱ እንደ አዲስ ይነሳል።

ሳስተካክል ደግሞ ሌላ ጥፋት ሰራሁ፣ ውሳኔውን በየደቂቃው እንዲከልስ አደረግኩት፣ ከአከፋፋዩ መልስ ትንሽ ከዘገየ ትዕዛዙን ይሰርዛል። ተመራማሪዎቹ ኪኒ እና ጆርጀፍ በ1991 ይሄንኑ ሞክረውታል፦ ዙሪያው ያለው ሁኔታ ቀስ ብሎ የሚለዋወጥ ከሆነ በውሳኔው የሚጸና ኤጀንት ይሻላል፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስብ። የደሴ ኮምቦልቻ መንገድ ክረምት ላይና በጋ ላይ አንድ አይደለም፣ እኔ አሁን ውሳኔውን የሚከልስበትን ክረምት በየሁለት ሰዓቱ፣ በጋ በቀን አንዴ አድርጌዋለሁ።

ስለዚህ ኮድ ከመክፈታችሁ በፊት ግቡን ሳይሆን ኤጀንቱ ውሳኔውን መቼ እንደሚተው ወረቀት ላይ ጻፉ። የኛ ትዕዛዝ አሁን ከ40 ጀሪካን በላይ ከሆነ ደግሞ አጎቴ "እሺ" ካላለ አይላክም።