ተንበርክከው የሚቀዝፉት ይበልጡብኛል
እዚህ ሐዋሳ ሐይቁ ደጃችን ሆኖ፣ ኦሊምፒክ ላይ የታንኳ ስፕሪንት ሲመጣ ቻናል የሚቀይር ሰው ያናድደኛል። ደግሞ አልፈርድበትም። ስክሪኑ ላይ ኬ1፣ ሲ2፣ ኬ4 እያለ ይደረድራል፣ የሚያብራራ የለም።

ፊደሉ የጀልባው ዓይነት ነው፣ ቁጥሩ የቀዛፊዎቹ ብዛት። በቃ። (ጀርባቸውን ለመጨረሻው መስመር ሰጥተው የሚቀዝፉት ሌላ ስፖርት ናቸው፣ ሮዊንግ። እነዚህኞቹ ፊት ለፊት እያዩ ነው የሚሄዱት።)

ኬ ካያክ ነው። ቀዛፊው ተቀምጦ፣ በሁለቱም ጫፍ ውሃ በሚገፋ መቅዘፊያ ግራ ቀኝ ይላል፤ አቅጣጫውንም በእግሩ ይመራል። ሲ ካኑ ነው፣ ጉዱም እዚህ ነው ያለው። በአንድ ጉልበት ተንበርክኮ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ ያለ ምንም መሪ። በቀኝ ስትቀዝፉ ጀልባው ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል፤ ስለዚህ በየምቱ መጨረሻ መቅዘፊያውን ጠምዘዝ አድርጎ ማቅናት አለ፣ ያውም ፍጥነት ሳይቀንሱ፣ ያውም በወንዶች ሲ1 1,000 ሜትር ሙሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጀልባ ማቅናት ምን እንደሆነ አሞራ ገደል ያሉትን አሳ አጥማጆች ጠይቁ።

ርቀቶቹ 200፣ 500 እና 1,000 ሜትር ናቸው፣ ሁሉም በየመስመሩ። የዓለም ሻምፒዮና ላይ ግን 5,000 ሜትርም አለ። እዚያ መስመር የለም፤ የፊተኛው ጀልባ በሚፈጥረው ማዕበል ላይ ተጠግቶ ጉልበት መቆጠብና መጨረሻ ላይ መውጣት ነው። ለኛ ሰው የሚመቸው ይሄ ይመስለኛል።

ፓራካኑ (የአካል ጉዳተኞቹ ውድድር) ላይ ተጠንቀቁ። ከኬኤል (ካያክ) ወይም ከቪኤል (ቫአ፣ ጎኑ ላይ ተንሳፋፊ ድጋፍ ያለው ታንኳ) ጋር የሚመጣው ከ1 እስከ 3 ያለው ቁጥር የሰው ብዛት አይደለም፣ የአካል ጉዳቱ ደረጃ ነው፤ 1 ከባዱ ነው። ሁሉም ብቻቸውን ይቀዝፋሉ፣ ፓራሊምፒክ ላይም 200 ሜትር ነው።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ነገር። ሴቶች ካያክ ኦሊምፒክ ላይ ከ1948 ጀምሮ ይቀዝፋሉ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ካኑ ግን የተፈቀደላቸው ቶኪዮ ላይ ነው፣ 2021። ወንዶቹ ከ1936 ጀምረውታል፣ አስቡት! ሲፈቀድም ለሲ1 የተሰጣቸው 200 ሜትር ነው። ፓሪስም ላይ ያው፣ ወንዶቹ 1,000 እነሱ 200። አቅም አንሷቸው እንዳትሉኝ፤ በ500ውም ሲ2 ይቀዝፋሉ።

ለማንኛውም የፓሪሱን የሴቶች ሲ1 ፍጻሜ ፈልጋችሁ እዩ። ካናዳዊቷ ኬቲ ቪንሰንት የቶኪዮዋን አሸናፊ አሜሪካዊቷን ኔቪን ሃሪሰንን በ0.01 ሰከንድ ነው የቀደመቻት። ከ45 ሰከንድ በታች ያልቃል፣ ቡና ልቅዳ ብላችሁ እንዳትነሱ።