የዱሩን እንጆሪ ጓሮ ሳስገባው

ጫካ ዳር አንድ የእንጆሪ ቁጥቋጦ ነበረኝ። ነበረኝ ስል የኔ ሆኖ አይደለም፤ ቦታውን የማውቀው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስደርስ ግማሹ ቅርንጫፍ ተሰባብሯል፤ ያልበሰለው ሳይቀር ተለቅሟል። ተናደድኩ። ወዲያው ግን ከሳምንት በፊት እኔ ራሴ ለወፍ እንኳ ሳላስተርፍ ፌስታሌን ሞልቼ መሄዴ ትዝ አለኝ። የራሴን ላብቅል ያልኩት ያን ቀን ነው።

አጀማመሬ ግን ሞኝነት ነበር። ዶማ ይዤ ሄድኩና አንዱን ከነሥሩ ነቀልኩት። ሥሩ እየተቆራረጠ ወጣ። በፀሐይ ተሸክሜው መጥቼ ተከልኩት። በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ሆነ። ዱሩንም አጎደልኩ፣ ጓሮዬም ባዶውን ቀረ። ከዚያ ወዲህ ከነሥሩ የነቀልኩት የዱር ተክል የለም።

መላውን ያሳየኝ ራሱ እንጆሪው ነው። አንድ ረጅም ቅርንጫፍ ጎብጦ ጫፉ መሬት ነክቷል። ሳብ ባደርገው እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አፈሩን በጣቴ ስገልጥ ከጫፉ ክር የመሳሰሉ ነጫጭ ሥሮች ወጥተዋል። እኔም ሌሎች ሁለት ቅርንጫፎች አጎንብሼ ጫፋቸውን አፈር አለበስኩና ድንጋይ ጫንኩባቸው። ከሳምንታት በኋላ ሥር ሲይዙ ከእናታቸው ቆረጥኳቸው። ሁለቱም ጸደቁ፤ እናትየውም ምንም አልሆነችም።

ከዚያ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። በመጀመሪያው ዓመት ግንዶቹ ረዘሙ እንጂ አላፈሩም። ሰነፍ መስለውኝ ሁሉንም ከሥር ከረከምኳቸው። በዓመቱም ፍሬ የለም! ለካ የእንጆሪ ግንድ አንደኛውን ዓመት ያድጋል፣ በሁለተኛው ያፈራል፣ አፍርቶ ሲጨርስ ይደርቃል። የሚቆረጠው ሥራውን የጨረሰው ነው። አሁን ሲያፈራ ባየሁት ግንድ ላይ ቀይ ጨርቅ አስርበታለሁ፤ መቀሱን ሳነሳ እንዳልሳሳት።

ሳማን ደግሞ ማን ይተክላል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር። ግን መንገድ ዳር የሚበቅለውን ሳማ ውሻ ይሸናበት፣ መድኃኒት ይረጭበት በምን አውቃለሁ? ዘሩ አቧራ ነው የሚያክለው። እንደ ሌላው ዘር አፈር ውስጥ ቀበርኩትና ብጠብቅ ብጠብቅ ወፍ የለም። ብርሃን እንደሚፈልግ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሁለተኛውን ዙር እርጥብ አፈር ላይ በትኜ በመዳፌ ጫን ጫን አደረግኩት፤ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ፍግ ይወዳል። ሥሩ ግን መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ጓሮውን ሳይወርስብኝ አሮጌ በርሜል ውስጥ አዛውሬዋለሁ። ከማበቡ በፊት ለጋ ለጋውን በጓንት እቀነጥሳለሁ። ሲቀቀል መለብለቡ ይጠፋል።

አጋም ላይ የተሸነፍኩት በፍቅር ብዛት ነው። ድንጋያማ ደረቅ ቦታ ላይ እንደሚበቅል በዓይኔ እያየሁ፣ ጓሮዬ ሲመጣ በየቀኑ ውሃ አጠጣው ጀመር። ሦስት ችግኝ ሥሩ በሰበሰ። አራተኛውን ጥግ ላይ ተክዬ ረሳሁት፤ የቀረኝ እሱ ነው። የበቀለው ከበሰለ ፍሬ አውጥቼ ወዲያው ከዘራሁት ዘር ነው። እናቱን ስለማውቃት ልቤ ያርፋል። መረንዝ የሚባለው፣ የቀስት መርዝ የሚሠራበት ተክል፣ አጋምን በጣም ይመስላል። እሾኽ የለውም እንጂ ቅጠሉንና ፍሬውን ብቻ ያየ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ጫካ ውስጥ ርቦኝ ስለቅም ስንቴ እንደተጠራጠርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጋሙ እስካሁን አላፈራም። እንጆሪው ግን ዘንድሮ ደርሷል። ትናንት ጠዋት ሳህን ይዤ ስወጣ ወፎቹ ቀድመውኛል፤ የበሰለውን መርጠው ጨርሰው አረንጓዴውን ትተውልኛል። መረብ ላልብሰው ወይስ ልተውላቸው፣ ገና አልወሰንኩም።