ከሙሌቱ በፊት አንድ ሰው ይምጣ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንድ ጂ ፕላስ ዋን (ባለ አንድ ፎቅ) ቤት የሚሠራበት ቦታ ሄጄ ነበር። የኮለኑ (የምሰሶው) ብረት ታስሮ አልቋል፣ የአርማታ ሙሌቱ ለማግስቱ ነው። ጠጋ ብዬ ስታፋውን፣ ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ አየሁት። ጫፉ ሁሉ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ቀርቷል፣ ወደ ውስጥ የገባ አንድም የለም። መሬት ሲናወጥ መጀመሪያ የኮለኑ ሽፋን ይረግፋል፣ ከዚያ እንዲህ የታጠፈ ስታፋ ይከፈትና ቋሚው ብረት ይጎብጣል። በ135 ዲግሪ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን አርማታውን ነክሶ ይይዛል።

ለፌሮ ሠራተኛው ነገርኩት። «አቦ፣ 20 ዓመት እንዲህ ነው የማጥፈው፤ አንድ ሰው ምን ብሎኝ ያውቃል?» አለኝ። አመንኩት። አንዷን አጥፌ ሳሳየው ግን ዝም ብሎ አያትና ረዳቱን ጠራው፤ ሲመሽ ሁሉንም አስተካክለው ነበር።

ይሄን ቤት ፈቃድ የለውም እንዳትሉ። ፈቃድ አለው፣ ፕላን አለው፣ ማህተም አለው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ አነስተኛውን የግል መኖሪያ ቤት ዝቅተኛው ምድብ «ሀ» ውስጥ ነበር ያስገባው። ትልቁ ሕንፃ ላይ አማካሪም ተቆጣጣሪም ይቆማል። እኛ የምንተኛበት ቤት ላይ ግን የሚቆመው ግንበኛውና ባለቤቱ ናቸው። ድሬ ደግሞ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። በ2017 ታኅሣሥና ጥር አዋሽ ፈንታሌ ስትናወጥ የሰማነውን መቼም አልረሳነውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይሄን ነው፤ የከተማው የሕንፃ ሹም ባለሙያ ይላክልን። መሠረቱ ሳይሞላ፣ ኮለኑ ሳይሞላ፣ ሶሌታው (የፎቁ ወለል) ሳይሞላ መጥቶ ብረቱን ይይ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከተሞላ በኋላ መጥቶ ምን ሊያይ ነው?

ሁለተኛው የሥልጠናው ነገር ነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ትምህርት የጨረሱ ልጆችን ይቀበላሉ፣ ጥሩ ነው። ቤታችንን የሚሠራው ሰው ግን በረዳትነት ገብቶ ከሌላ ግንበኛ አይቶ የተማረ ነው። የቀን ሥራውን ትቶ ክፍል ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፣ ልጆቹ ምን ይበላሉ? አሠልጣኙ ራሱ ወደ ሥራ ቦታው ይሂድ። የሲኦሲው (የሙያ ብቃት ማረጋገጫው) ፈተናም እዚያው፣ ብረት እያጠፈ፣ ብሎኬት እየደረደረ ይሁን። ጥያቄውንም በኦሮምኛ ወይ በሶማልኛ፣ በሚያወራበት ቋንቋ፣ በቃል ይጠይቁት። እጁ የሚያውቀውን ወረቀት ላይ መጻፍ ስላልቻለ መውደቅ የለበትም።

የሚማረው ነገር ከባድ አይደለም። ለምሳሌ አሸዋ። ሃይላንድ ውስጥ አሸዋና ውሃ አድርጋችሁ ናጡት፣ አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ አፈሩ ከላይ ንጣፍ ይሠራል። ያ ንጣፍ ከወፈረ አሸዋው ይታጠብ። ወይ አርማታውን ውሃ ማጠጣትን ውሰዱ። በዚህ በድሬ ሙቀት፣ ቀትር ላይ ሞልቶ ሁለት ቀን አጠጥቶ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ቢያንስ ሰባት ቀን መርጠብ አለበት፣ እርጥብ ጆንያ ቢለብስ ደግሞ እሰየው።

ስለ ከተማው ፕላን ብዙ አልልም፤ በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ስንት ሰው እንደወሰደ ድሬ ላይ የማያውቅ የለም። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን ቦታው ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም፣ የውሃው ነው። እዚያ ዳር ቤት መሥራት የሚከለክል መስመር ካርታ ላይ ብቻ ሳይሆን መሬት ላይ በድንጋይ ይተከል።

ለአሁኑ ከሁለት ግንበኞችና ከአንድ ፌሮ ሠራተኛ ጋር ጥያቄያችንን ጽፈን ጨርሰናል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ማዘጋጃ ቤት እናስገባለን። አብሯችሁ መፈረም የምትፈልጉ የሙያ ሰዎች ጻፉልኝ። ሙሌት የደረሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጥሩኝ፣ መጥቼ ስታፋውን አይላችኋለሁ።